ለዜሮ የተሮጠ ዓመት

አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት ሆነው በሚላተሙበት የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ፣ ሜልበርን ስቶርም እ.ኤ.አ. በ2010 ከ24 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ። ከ16 ክለቦች ስንተኛ ወጣ? መጨረሻ፣ በዜሮ ነጥብ!

ጥፋቱማ ጥፋት ነው። አለቆቹ ሁለት መዝገብ ይዘው ለዓመታት ከደመወዝ ጣሪያው በላይ ሲከፍሉ ኖረዋል። ሊጉ የ2007 እና የ2009 ዋንጫዎቻቸውን ነጠቀ፤ ደግ አደረገ። ግን ከሚያዝያ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ «ተጫወቱ፣ ነጥብ ግን የላችሁም» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ለምን አላባረራቸውም? ካባረረማ ትኬት አይሸጥ፣ የቴሌቪዥኑ ሰዓት አይሞላ! ተጫዋቹ ለዜሮ አጥንቱን ይስበር፣ ደጋፊው ግን ሙሉ ዋጋ ይክፈል።

ደግሞ እኮ የክለቡ ባለቤት ኒውስ ሊሚትድ ያኔ የሊጉም የግማሽ ባለቤት ነበር። ታዲያ አንዱ ደጋፊ «ገንዘቤን መልሱ» ቢል ለማን አቤት ይበል? ክለቡ ዘንድ ቢሄድ እሱ፣ ሊጉ ዘንድ ቢሄድ እሱ!