የእጅ ሥራ፦ ሹራብ የሚሠሩት ጋሼ

አገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚህም ክረምት ይገባል፤ ልዩነቱ የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የሌለው መሆኑ ነው። ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ መቀመጧን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሰኔና በሐምሌ ነው። በዚህ ወቅት ዮቪል ውስጥ አጥብቀው የሚፈለጉ አንድ ሰው አሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁን፣ ሠፈሩ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» ብቻ እንበላቸው።

ጋሼ ሹራብ ይሠራሉ። ሰባኛ ዓመታቸውን አልፈዋል። ሙያውን የተማሩት በደርግ ዘመን፣ እስር ቤት ውስጥ ነው። የትኛው እስር ቤት እንደሆነ አይናገሩም፤ እኛም አልጎተጎትናቸውም። ቤተሰብ አሮጌ ሹራብ ይልክላቸዋል፣ ይተረትሩታል፣ ክሩን አጥበው እንደገና ይሠሩበታል። መርፌው የብስክሌት ሽቦ ነበር፤ ጫፉ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተሳለ። ስሙ የገነነው ዓለም በቃኝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2007 ፈርሶ፣ በቦታው የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2012 ተመርቋል። የጋሼ ሁለት ሽቦዎች ግን ዛሬም ዮቪል፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ቆርቆሮውን ከፍተው አሳይተውናል። አሁን የሚወዱት የቀርከሃውን መርፌ ነው፤ ብረት በክረምት ጣት ያደነዝዛል፣ ክሩም ከላዩ ቶሎ ይንሸራተታል። ለብርድ ልብስ ደግሞ በቀጭን የፕላስቲክ ገመድ የተያያዘ ጥንድ መርፌ አላቸው፤ የሥራው ክብደት እጅ ላይ ሳይሆን ጭን ላይ ያርፋል። አንድ ዓይን ካመለጠ የሚይዙበት መርፌ ቁልፍ፣ ሥራ ሲያቋርጡ መርፌው ጫፍ ላይ የሚሰኩት ቡሽ፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር። ረድፍ የሚቆጥሩት በሽምብራ ነው፦ አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር አንድ ሽምብራ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ይዛወራል። ልጃቸው ለዚሁ የሚሆን መቁጠሪያ ገዝታላቸው ነበር፤ «ሽምብራው ባትሪ አይፈልግም» ብለው መለሱላት። እየቆጠሩ ይቆረጥሙት እንደሆነ አልጠየቅንም።

እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የመብራት መጥፋት ሲበረታ ሌላው ሰው ሻማ ይፈልግ ነበር። ጋሼ በጨለማ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህንንም የት እንደተማሩት መገመት አያዳግትም።

ወደ ሥራዎቻቸው እንምጣ። እንግዳ ሲመጣ ቀድመው የሚያወጡት በወተት መልክ የተሠራውን ሹራብ ነው፤ ወገቡና እጅጌው ላይ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በቀለም ክር ገብቶበታል። ሐሳቡ ያማረ ነው። እዚሁ አገር ላዱማ ንጎኮሎ የተባለው ዲዛይነር የኮሳ ሕዝብ የዶቃ ጌጥን ወደ ሹራብ አዙሮ በዓለም ታውቆበታል፤ እሱም ሙያውን ያገኘው ከእናቱ ነበር። ጥለታችን የማይሆንበት ምክንያት የለም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የጋሼ ጥለት ከኋላው የሚያልፈው ክር ስለ ጠበቀ ጨርቁ ትንሽ ተሸብሽቧል። እኛ የመረጥነው ሌላውን፣ ምንም ጌጥ የሌለውን ግራጫ ሹራብ ነው። በመስከረም 2019 (እ.ኤ.አ.) በከተማው የውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ሲዘረፉ በለበሰው ልብስ ብቻ ለወጣ ወንድማችን የሰጡት ነው። አንገቱ ከፍ ያለ፣ እጅጌው ረዘም ያለ፣ ሱቅ ውስጥ ወለል ላይ ለሚያድር ሰው ታስቦ የተሠራ። ልጁ ዛሬም ይለብሰዋል፤ ክርኑ ተቀዶ አንድ ጊዜ ተጠግኗል።

«ወንድ ሆነው ሹራብ?» የሚል አይጠፋም። በአገራችን መፍተል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነበር፤ ሸማ ሠርቶ ያለበሰንን ሰው «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባለ ሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል። እዚህ አገር ደግሞ ካሮሊን ስታይን በ2013 መጨረሻ ለማንዴላ መታሰቢያ የጀመረችው የ67 ብርድ ልብሶች ዘመቻ ሲስፋፋ፣ ከሠሪዎቹ መካከል የወህኒ ቤት እስረኞችም ነበሩ፤ ወንዶች ጭምር። ቁጥሩ ማንዴላ ሕዝብ ያገለገሉባቸውን 67 ዓመታት ያስታውሳል። ጋሼ ይህንን የሰሙት ዘግይተው ነው። ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና መርፌ አነሡ። ወገኑ 20 ሳንቲሜትር የሆነ 64 ቁራጭ ሠርተው፣ ስምንት በስምንት አጋጥመው፣ 160 በ160 የሆነ ብርድ ልብስ ለሐምሌ 18 ቀን (በፈረንጆቹ) አደረሱ።

ስለ ክር የነገሩን ለሁላችንም ይጠቅማል። የሚገዙት መሐል ከተማ፣ እኛ እስካሁን ጄፒ በምንለው፣ ስሙ ግን ራሂማ ሙሳ በሆነው ጎዳና አካባቢ ነው። (ራሂማ ሙሳ በነሐሴ 9 ቀን 1956 ወደ ፕሪቶሪያ የተደረገውን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አንዷ ናት፤ በየቀኑ በስሟ ላይ እየነገድን ማወቁ አይከፋም።) ደቡብ አፍሪካ ከዓለም የሞሄር ምርት ግማሽ ያህሉን ብታወጣም ለኪሳችን አይሆንም። ርካሹ አክሪሊክ ነው። በማሽን ይታጠባል፣ አይበላም፤ ነገር ግን እሳት ከነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ፓራፊን ማሞቂያ አጠገብ ለምታድሩ፣ በተለይ ሕፃን ላላችሁ፣ ጋሼ የሚመክሩት የበግ ሱፍ የበዛበትን ነው፤ ሱፍ ቶሎ አይቀጣጠልም። እጥበቱ ግን በለብታ ውኃ፣ ሳይጠመዘዝ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተጨምቆ፣ በጠፍጣፋ ቦታ ተዘርግቶ ነው። ገመድ ላይ የተሰቀለ ሹራብ ጉልበት ድረስ ይወርዳል።

አዲስ ሱፍ ውድ ስለሆነ ጋሼ ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመልሰዋል፤ አሮጌ ሹራብ ተርትረው ለሱቅ ልጆች ኮፍያና ካልሲ እየሠሩ ነው። የማትለብሱት የሱፍ ሹራብ ካለ አጥባችሁ ይህን ጋዜጣ ካነሣችሁበት ምግብ ቤት ተዉት፤ ይደርሳቸዋል። ቀዳዳ ቢኖረው ግድ የለም። ጥቁር ብቻ አታምጡ ብለዋል፤ ማታ ዓይናቸው አይለየውም።