አሮጌ መሣሪያ በኪሎ አይሸጥ

የቤት ሀብት የሚባለው የሚበላውና የሚለበሰው ብቻ አይደለም፤ እጅ የሚሠራበትም መሣሪያ ሀብት ነው። ዳሩ ግን አባት ሲያርፍ ልጆች ቤቱንና ከብቱን ለመካፈል ሽማግሌ ያስቀምጣሉ፤ መሮውንና መጋዙን፣ መላጊያውንና መዶሻውን ግን የእኔ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ጥቂት ዓመት ከጓሮ ዝናም ሲመታው ይቈይና፣ በመጨረሻ «ቆራሌው» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል። በዛሬው ጽሕፈታችን ክቡራን አንባቢዎቻችንን ልናሳስብ የወደድነው ስለዚሁ ነገር ነው።

በአርሲ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሁሩታ በስንዴና በገብስ አገር መካከል ትገኛለች። እንደዚህ ባለው የገበሬ ከተማ የቈየ የብረታ ብረት ሱቅ ማለት የአገሩ የሥራ ታሪክ የተከማቸበት ጎተራ ማለት ነው። በፊት ለፊቱ መደርደሪያ የሚታየው ሰሞኑን የመጣው ዕቃ ነው፤ የቀድሞውን የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ኋለኛው ክፍል፣ ከሚስማሩ ሣጥንና ከቆርቆሮው በስተ ጀርባ መመልከት አለበት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአርሲ ሜዳ በብዙ ስፍራ ስንዴውን የሚያጭደው ኮምባይነር ስለ ሆነ የማጭድ ፈላጊ አንሷል፤ አናጢውም የኤሌክትሪክ መጋዝና መላጊያ ስለ ያዘ የእጁን መሣሪያ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያልተሸጠ ዕቃ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ ወዲያው አይጣልም።

የመሣሪያው ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። ወናፍ፣ ጉጠት፣ መስፍ የምንላቸው ከአገራችን አንጥረኞች ጋር የኖሩ ስሞች ናቸው። ሚስማር የሚለው ቃል ከዐረብ ቋንቋ ጋር አንድ ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ሞርሳ የምንላቸው ከጣሊያን ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በአዳማ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ይጓጓዝ የነበረው የባሕር ማዶ ብረት ወደ መካከለኛው አገር ለመድረስ ቀለለው። ስለዚህ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን መሣሪያዎች ስም ጠይቆ የሚጽፍ ልጅ፣ አገሩ ከማን ጋር እንደ ተገበያየች ሳያስበው ይማራል።

አርሲም በዚህ ነገር የራሷ ታሪክ አላት። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተጀመረውና «ካዱ» ተብሎ የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአሰላ አድርጎ ከዘርና ከማዳበሪያ ጋር የተሻሻለ ማረሻና በበሬ የሚሳብ ጋሪ ይሞክር ነበር። ይህ ሥራ የገበሬው መሣሪያ ጥናት የሚገባው መሆኑን አስረድቷል። ገበሬው ግን ለዕለት ችግሩ የሚሮጠው ዘወትር ወደ ቀጥቃጩ ነው። ቀጥቃጩም የመኪና ባሌስትራ ቈርጦ፣ በከሰል አግሎ፣ የማረሻ ጫፍ ያወጣለታል። በአዲስ አበባም መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩት ባለሙያዎች የተጣለውን ብረትና በርሜል መልሰው ዕቃ ያደርጉታል። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ መናቅ የቈየ በሽታችን ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ መከልከላቸው የበሽታውን ጽናት ያሳያል። የአባቱን መሣሪያ ሳያይ በኪሎ የሚሸጥም ሰው፣ ባያውቀው ነው እንጂ፣ ያንኑ ንቀት ይቀጥላል።

አሮጌ ሁሉ ግን መልካም አይደለም። ስለዚህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ምርመራውን ይወቅ። በመጀመሪያ እንደ አገሩ ደንብ ሰላምታውን ያድርስ፤ የቤተ ሰቡንና የአዝመራውን ደኅንነት ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ባለ ሱቁን «ጋሼ፣ የቈየ ዕቃ ይኖርዎታል?» ይበል። ሽማግሌ ነጋዴ ለሚያከብረው ሰው የኋላውን ክፍል መክፈት አይከብደውም። መሣሪያው ሲገኝ እንጨቱን ሳይሆን ብረቱን ይይ። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት ይለቃል፤ ብረቱን ጎድጉዶ የበላው ግን አይድንም። መሮውን በገመድ አንጠልጥሎ ቢመታው ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ እንዳለበት ይጠርጥር። በስለቱ ጫፍ ላይ ሞረድ ቢሞክርበትና ሞረዱ ቢንሸራተት፣ ብረቱ በሚገባ የጠነከረ ነው፤ ሞረዱ በቀላሉ ቢበላው ግን ስለቱ አይቈይም። ሼፊልድ ወይም ዞሊንገን የሚል የከተማ ስም ታትሞበት ቢገኝ፣ እነዚህ በእንግሊዝና በጀርመን በብረት ሥራ የታወቁ ከተሞች ናቸውና አስተውሎ መመልከት ይገባል።

ከቤት ከገባም በኋላ ዝገቱን በሎሚ ጭማቂ አርሶ፣ በአሸዋና በጨርቅ አሽቶ፣ በውሃ አጥቦ፣ ፈጥኖ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። እጀታው ቢሰበር የወይራ እንጨት ይሻላል፤ በተልባ ዘይትም ቢታሽ ከመሰንጠቅ ይጠበቃል። የላላውን መጥረቢያ በውሃ መንከር ለጊዜው ያጠብቀዋል እንጂ ሲደርቅ ተመልሶ ይላላል፤ መድኃኒቱ ከራሱ ላይ የሚገባ ሽብልቅ ነው። ስለቱንም በኤሌክትሪክ መሳያ አጥብቆ እየያዙ እስኪሰማይ ማጋል ጥፋት ነው፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ቀለም ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷልና፣ ቶሎ ቶሎ ውሃ እየነከሩ በዝግታ መሳል ይገባል።

ይህን ስንል አዲሱ መሣሪያ ይቅር ማለታችን አይደለም። ገበሬውን ከአጨዳ ድካም ያሳረፈውን ኮምባይነር የሚጠላ ሰው የለም። ነገር ግን መብራት በጠፋ ቀን፣ በር በተጣመመ ጊዜ፣ ልጅም እጁን ለማሠልጠን በፈለገ ሰዓት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ደኅና መጋዝ ለቤቱ ትልቅ ረዳት ነው። ከዚህም በላይ እጀታው የአባትን መዳፍ ቅርጽ የያዘ መሣሪያ፣ ቀልጦ የቤት ብረት ከሆነ በኋላ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ቆራሌውን ከመጥራታቸው በፊት ልጆቻቸውን ይጥሩ። እያንዳንዱ መሣሪያ ስሙ ማን እንደ ሆነ፣ የማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተሠራበት በደብተር ያስጽፉ። ለሥራ የሚሆነውን ይሳሉት፤ ለሥራ የማይሆነውን ለአገራቸው ቀጥቃጭ ይስጡት፤ እርሱ ሌላ ነገር ያደርገዋልና። ሚዛን ላይ የሚወጣው የቀረው ብቻ ይሁን።