በዓመት ሁለቴ ወይስ በሁለት ዓመት አንዴ?

እኛ የከተማ ልጆች «አድቫይስ»ን ከ«አድቫይዝ» ያምታታ የሥራ ማመልከቻ ስናገኝ እየተቀባበልን መሳቅ እንወዳለን። (የትኛው ስም፣ የትኛው ግስ እንደሆነ ከመካከላችን ስንቱ ሳያመነታ እንደሚመልስ ይቆየን።) «ፐርሶኔል» ሊል «ፐርሶናል» ብሎ በሩ ላይ የሚለጥፍ ቢሮም አይጠፋም። ይሁን፣ እንሳቅ።

የሥራ ውል ላይ ሲሆን ግን ሳቁ ይቀራል። «ባይአኑዋል» በዓመት ሁለቴ ነው፤ «ባይኤኒያል» በሁለት ዓመት አንዴ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ይምታታባቸዋል። የደመወዝ ጭማሪያችሁ በየትኛው እንደተጻፈ ፊርማችሁን ካኖራችሁ በኋላ ብታውቁት ምን ይፈይዳል? በአማርኛ ቢጻፍ ኖሮ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም አይስተውም ነበር።

ቀጣሪውም ተቀጣሪውም አማርኛ ተናጋሪ፣ ሥራውም በአማርኛ ሆኖ ሳለ ውሉን በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፍ ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው? በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 እንኳ ሕግ በሁለቱም ቋንቋ ይታተም፣ ሁለቱ ቢለያዩ አማርኛው ይጽና ይላል። አገር በዚህ ከተዳደረ፣ አንድ ድርጅት የሦስት ገጽ ውል አጠገብ የአማርኛውን ማያያዝ የሚከብደው ለምንድን ነው? እስኪያያዝ ድረስ ከመፈረማችን በፊት «ስንት ወር ማለት ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ቀጣሪው በቁጥር ጽፎ ይስጠን።