ዕርዳታው ሞያሌ ሲደርስ፦ ገንዘቡን ማን ይወስንበት?

ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሞያሌ፣ በድንበር ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ባለው ክፍሏ የሚንቀሳቀሱ ሀገር በቀል ድርጅቶች ውኃ ያዳርሳሉ፣ ሴቶችን በቁጠባ ያደራጃሉ፣ የተጋጩ ማኅበረሰቦችን ያቀራርባሉ። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከሩቅ ነው። ዋሽንግተን ወይም ብራስልስ ያለ ቢሮ ሐሳቡን ሲቀይር ሥራው እዚህ ይቆማል።

በአውሮፓውያኑ 2025 መጀመሪያ የፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ አስተዳደር የአሜሪካን የውጭ ዕርዳታ ሲያግድ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽም ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ የታየው ይኸው ነው። ሞያሌ የምትገኝበት ማርሳቢት ካውንቲ፣ የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለመቀነስ በዚህ ተቋም ገንዘብ ሲካሄድ የነበረው የናዊሪ መርሐ ግብር ከሚሠራባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር።

ጥገኝነቱ ግን ከትራምፕ የቆየ ነው። ታላላቅ ለጋሾች በ2016 ኢስታንቡል ላይ “ግራንድ ባርጌን” በተባለው ስምምነት፣ እስከ 2020 ድረስ ከሰብዓዊ ዕርዳታው ቢያንስ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአካባቢና ለሀገር አቀፍ ተቋማት እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር። ቀነ ገደቡ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላም በቀጥታ የደረሳቸው ከ2 በመቶ ያነሰ ነበር። ፒስ ዳይሬክት የተባለው የብሪታኒያ ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ ለዚህ የሰጠው ስም “መዋቅራዊ ዘረኝነት” የሚል ነው፤ የአካባቢው ሰው እውቀት ከውጭ ከመጣው ባለሙያ ያነሰ ተደርጎ ይቆጠራል፣ ታማኝነቱም አስቀድሞ ይጠረጠራል።

በሰሜን ኬንያ ግን መገለሉ ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። ነጻይቱ ኬንያ በ1965 ያወጣችው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሰነድ፣ መዋዕለ ንዋይ ለም መሬት፣ በቂ ዝናብና መንገድ ላላቸው አካባቢዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ደነገገ። ይህ ለአርብቶ አደሩ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት መንገዱን ማየት ይበቃል፤ ከኢሲኦሎ እስከ ሞያሌ ያለው አስፋልት የተጠናቀቀው ሀገሪቱ ነጻ ከወጣች ከ50 ዓመት በኋላ ነው። የ2010 ሕገ መንግሥት ይህን በደል ለማካካስ፣ ከብሔራዊ መንግሥቱ ዓመታዊ ገቢ 0.5 በመቶ የሚመደብለት የማመጣጠኛ ፈንድ አቋቋመ። ማርሳቢትም በመጀመሪያ ከተመረጡት 14 ካውንቲዎች አንዷ ሆነች። ነገር ግን የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 የፈንዱን አስተዳደር መመሪያ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። የክርክሩ እምብርት እዚህም ያው ነበር፦ በገንዘቡ ላይ ማን ይወስን?

ለዚህ ጥያቄ አማራጭ መልስ ሆኖ የሚቀርበው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ነው። ሐሳቡ በ1914 በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ተጀመረ፤ ነዋሪዎች የሚያዋጡት ገንዘብ በቋሚነት ይቀመጣል፣ ከሚያፈራው ትርፍ የአካባቢው ድርጅቶች ይደገፋሉ። በኬንያ መንገዱን የከፈተው በ1997 የተመሠረተው የኬንያ ማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን ነው። ማኅበረሰቦች በራሳቸው ስም ቋሚ ክምችት እንዲይዙ ያግዛል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከሚያልቅ ፕሮጀክት ይልቅ፣ አነስተኛም ቢሆን የማይቋረጥ ገቢ ያለው ድርጅት ለጋሹን “አይሆንም” ለማለት አቅም ያገኛል።

ለቦረና ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት፣ ከብቱ በድርቅ ወይም በዘረፋ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ጉዳቱን መዝኖ፣ ካላቸው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። የማመልከቻ ቅጽ የለውም፤ ድንበርም አያግደውም። ጉድለቱ ግን በ2020 የጀመረውና ተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የከሸፉበት ድርቅ ሲመጣ ታየ፤ ሰጪውም ተቀባዩም አብረው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከብት ሳይሆን ከድርቁ ውጭ የተቀመጠ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሞያሌ ትልቁ ፈተና ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ “ማኅበረሰቡ” የሚለው ቃል ነው። ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ፣ ቡርጂ፣ ሳኩዬ፣ ሌሎችም የሚኖሩባት ከተማ ናት። ሥልጣንና በጀት ወደ ካውንቲዎች በወረደበት በ2013፣ ከመጀመሪያው የካውንቲ ምርጫ በኋላ፣ ሞያሌ ውስጥ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ በርካቶችም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዋል። ገንዘብ ወደ ሕዝቡ መቅረቡ ብቻውን ፍትሕን አያመጣም፤ አንዳንዴ የሚያጣላው ራሱ መቅረቡ ነው። ስለዚህ ለሞያሌ የሚታሰብ ማንኛውም ፋውንዴሽን፣ ከሒሳብ ምርመራው በፊት፣ ቦርዱ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ሊመልስ ይገባል። ሴቶችና ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ጎሳዎች መቀመጫ ካላገኙ፣ የለንደኑን ለጋሽ በአካባቢው ባለ ጉልበት ከመተካት አያልፍም።

ድንበሩም አለ። በመጋቢት 2018 የኢትዮጵያ ወታደሮች “በተሳሳተ መረጃ” ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎችን በገደሉበት ወቅት፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻግረው በሶማሬና በዳምባላ ፋጫና ተጠልለዋል። ችግሩ በሁለት አቅጣጫ ይሻገራል፤ ሕጉ ግን አይሻገርም። ኢትዮጵያ የውጭ ገንዘብን አጥብቆ የገደበውን የ2009 የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ በ2019 ብትሽርም፣ በኬንያ የተቋቋመ ድርጅት ከኬላው ማዶ ለመሥራት እንደ ውጭ ድርጅት መመዝገብ ይኖርበታል። ፓሲዳና ሲፋን የመሳሰሉ፣ ከማርሳቢት ተነሥተው በሁለቱም ወገን የሚሠሩ ድርጅቶች በሁለት የሕግ ሥርዓቶች ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ኬንያ በበኩሏ በ2013 ያጸደቀችውን የሕዝብ ጥቅም ድርጅቶች ሕግ ሥራ ላይ ያዋለችው በግንቦት 2024 ነው።

የማመጣጠኛ ፈንዱ በሕገ መንግሥቱ የተሰጠው ዕድሜ 20 ዓመት ሲሆን፣ የኬንያ ፓርላማ ካላራዘመው በቀር በ2030 ያበቃል።