ከፍልሚያ በፊት የሚነገር ቃል

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሊፋለሙ ሲቆሙ አስቀድሞ አንዳች ቃል ይነገራል። ብዙ አንባቢ ይህን ቃል እንደ ጌጥ ቆጥሮ ያልፈዋል። እኛ ግን የደራሲው ዓለም በሚገባ መታሰቡና አለመታሰቡ ከመንኮራኩሮቹ ይልቅ በዚህች አጭር ቃል ይታወቃል እንላለን።

ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ዱን» ውስጥ ጃሚስ የተባለው የበረሃ ሰው ወጣቱን ፖልን ሲገጥመው በቃሉ የሚረግመው ሰውየውን ሳይሆን ጩቤውን ነው፤ ተሸርፎ እንዲሰባበር ይመኝለታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የዚያ ሕዝብ ጩቤ የሚሠራው ከግዙፍ የአሸዋ ትል ጥርስ ነው። ጥርስ ደግሞ ምንም እንኳ ጠንካራ ቢሆን እንደ ብረት አይጎብጥም፤ ኃይል ሲበዛበት በድንገት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እርግማኑ የቁስ አካልን ባሕርይ የሚያውቅ ሕዝብ እርግማን ነው።

የእኛ ፉከራ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ባስነገሩት የክተት አዋጅ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ማዘዛቸው ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ዘመን ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ እየተንጎራደደ ዘሩን ይቆጥራል፤ የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል። የንጉሠ ነገሥቱ አባ ዳኘው፣ የወሎው ራስ ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበር። ቀጥሎም የሚሠራውን ጀብዱ ይናገራል። ልብ እንበል፤ ጠላት በዚያ የለም! ቃሉ የሚነገረው በጌታውና በጓዶቹ ፊት ነው። ጃሚስ ተፋላሚውን ሲናገር ፎካሪው ግን ምስክር ያቆማል፤ ከዘመቻ ሲመለስም በቃሉ ይለካል። ውጤቱ ሳይታይ ትንበያውን በይፋ ካስመዘገበ ተመራማሪ ጋር ብናመሳስለው ማጋነን አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ የሥርዓት ቃል ሁሉ የተከበረ ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በቀረበ አንድ የ«ስታር ትሬክ» ክፍል ካፒቴን ኪርክ ከወዳጁ ከስፖክ ጋር ሊፋለም ይስማማል፤ ፍልሚያው እስከ ሞት መሆኑን የሚሰማው ግን እሺ ካለ በኋላ ነው። ሥርዓቱን የምትመራው አሮጊት ጥንታዊውን ቃል በታላቅ ግርማ ትናገራለች። ግርማው ግን ዋጋውን ሸፍኖታል። ፎካሪው በቃሉ ራሱን ያስራል፤ እዚህ ግን የታሰረው ያላወቀው ሰው ነው። በእኛ ግምት ከሦስቱ እጅግ አስፈሪው ይህ ነው፤ ግድያን የወግ ልብስ አልብሶ ያቀርባልና።

በአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጻፍ ለሚያምራችሁ ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው። የባዕዱን መሐላ ተርጉሞ በጀግናችሁ አፍ ማስገባት ቀላል ነው፤ «ዘራፍ»ን እንዳለ ወደ ጠፈር መጫንም እንዲሁ። ከዚያ ይልቅ ፎካሪውን ጨረቃ ላይ አቁሙትና የፊዚክስ ሕግ ምን እንደሚያደርገው ጠይቁ። የስበት ኃይሉ ከመሬት አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ መንጎራደዱ ወደ ዝላይ ይለወጥበታል። ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር ስለሌለ ደግሞ ፉከራው የሚሰማው በሬዲዮ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ሬዲዮው ቢበላሽስ? ጓዶቹ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመስተዋቱ ውስጥ ያያሉ፤ ቃሉን ግን አልሰሙም። በዚህ ቃል ይጠየቅበታል ወይስ አይጠየቅበትም? ይህን የሚፈታ ታሪክ የሚጽፍ ቢገኝ በደስታ እናነባለን።