ሁለገብነት ልብስ መለወጥ አይደለም

አንዲት የፊልም ተዋናይት ዛሬ ንግሥት፣ ነገ ገረድ፣ ከነገ ወዲያ ዘፋኝ ሆና ስትታይ «ሁለገብ» የሚል ማዕረግ ሊሰጧት የሚቻኮሉ ሐያስያን ጥቂቶች አይደሉም። ይህ አመለካከት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ልብስ የሚለውጠው አልባሳት አዘጋጁ ነው። የተዋናይት ሙያ የምትወክለው ሰው እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚደክምና ምን እንደሚፈራ አጥንቶ በአካልና በድምፅ መግለጽ ነው።

ለዚህ ሕንዳዊቷ ስሚታ ፓቲል ማስረጃ ናት። የቦምቤይ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ የነበረችውን ስሚታ ወደ ፊልም ካመጧት አንዱ ዳይሬክተር ሽያም ቤኔጋል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976፣ 500,000 የጉጃራት ወተት አምራቾች እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ አዋጥተው ባሠሩት «ማንታን» የገጠር ሴት ሆነች። በ1977 በ«ቡሚካ» የአንዲትን ተዋናይት ሕይወት ከወጣትነት እስከ ጎልማሳነት አሳየች። በ1981 በ«ቻክራ» የቦምቤይ ጎስቋላ ሰፈር እናት ሆና ቀረበች። ሁለቱ የኋለኞቹ ፊልሞች ብሔራዊ ሽልማት አስገኝተውላታል። ነጋዴዎች ግን የ«ቻክራ»ን የገላ መታጠብ ትዕይንት ለማስታወቂያ መረጡት፤ እሷ የሰውን ችግር ስታሳይ እነሱ ገላዋን ሸጡ።

በ1982 «ናማክ ሃላል» በተባለው የገበያ ፊልም በዝናብ ውስጥ ስትጨፍር ታየች። ይህን እንደ ክህደት የሚቆጥሩ አሉ፤ የሁለገብነቷ ማረጋገጫ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ስተዋል። የተዋናይት ችሎታ ድርሰቱ ከፈቀደለት ቦታ አልፎ ሊሄድ አይችልም። ለሴት ገጸ ባሕርይ ከጭፈራ በቀር ሥራ ያልሰጠ ደራሲ ተዋናይቷን ሊከስስም ሊያመሰግንም መብት የለውም።

ድርሰቱ ቦታ ሲሰጣት ምን እንደምትሠራ «ሚርች ማሳላ» ይመሰክራል። ሶንባይ ከግብር ሰብሳቢው ሹም አምልጣ በበርበሬ መፍጫ ቤት ትሸሸጋለች። በመጨረሻ ሴቶቹ በርበሬውን በሹሙ ዓይን ሲበትኑ፣ እሷ ማጭድ ይዛ ትቆማለች። ንግግር አታበዛም፤ አቋቋሟና ዓይኗ ይበቃሉ። ፊልሙ በ1987 በሕንድ ሲታይ ተዋናይቷ በሕይወት አልነበረችም፤ በታኅሣሥ 1986 በ31 ዓመቷ አርፋለች።

እንግዲህ ሐያሲ የአልባሳት ቆጠራውን ይተው። መምህርም ለተማሪው ከመስታወት አስቀድሞ የሰውን ኑሮ ያሳየው። ደራሲው ደግሞ ተዋናይት ሁለገብ አይደለችም ከማለቱ በፊት ሁለገብ ሴት ጽፎ እንደሆነ ይጠየቅ።