ዋጋው የዓለም ከሆነ፣ ጥራቱስ የማን ነው?

«ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን?» መኪና ለመግዛት ያሰበ የከተማችን ነዋሪ ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመካኒክ፣ ለደላላና ለባልንጀራው ያቀርባል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ናፍጣ ጉልበታምና ቆጣቢ ነው፣ ቤንዚን ጸጥተኛና ጭሱ ያነሰ ነው፣ ምርጫው የኪስህ ነው ይባላል። እኔ ግን ጥያቄው ከኪስ ያለፈ፣ በመሠረቱ የፖለቲካ ጥያቄ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የናፍጣ ሞተር አየሩን አጥብቆ በመጭመቅና በማጋል ነዳጁን ያለ ካንዴላ ያቀጣጥላል። መጭመቁ ከፍተኛ በመሆኑ ከነዳጁ የሚያገኘው ጉልበት ይበልጣል፤ አንድ ሊትር ናፍጣም ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይልቅ 10 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ኃይል ይዟል። የጭነት መኪናው፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱና ትራክተሩ በናፍጣ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከጎጃም ጤፍ የሚያመጣው መኪና፣ ሽንኩርት የሚጭነው አይሱዙ፣ ከጅቡቲ ማዳበሪያ የሚያጓጉዘው ተሳቢ፣ ነዳጁን ራሱን የሚያመላልሰው ቦቴ ሁሉ ናፍጣ ጠጪዎች ናቸው። እንግዲህ ናፍጣ ከሁሉ በላይ መኪና የሌለው ሰው ነዳጅ ነው ማለት ነው። የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር «መኪና የለኝም፤ ምን አገባኝ» የሚሉ ወገኖች አሉ። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይስቃል፣ ብልህ ያለቅሳል ይላሉ አበው።

ተራራው እንዴት እንደተናደ እናስታውስ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ናፍጣ 35 ብር ከ43 ሳንቲም፣ ቤንዚን 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ መንግሥት ጠቅላላ ድጎማውን እያነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ የታለመ ድጎማ ሲጀምር፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02፣ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቤንዚን 101 ብር ከ47፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጭማሪው አልቆመም። ለዚህ ሁሉ የተሰጠን ማብራሪያ አንድ ነው፤ ነዳጅ የምንገዛው በዓለም ገበያ ስለሆነ የዓለሙን ዋጋ መክፈል አለብን የሚል።

ማብራሪያውን ልቀበል። ነገር ግን የዓለምን ዋጋ የሚከፍል ሕዝብ፣ የሚቀዳለት ነዳጅ በዓለም መለኪያ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ የማወቅ መብት የለውምን?

የናፍጣ ጥራት ቀዳሚ መለኪያ በውስጡ ያለው የድኝ፣ በተለምዶ ሰልፈር የምንለው ንጥረ ነገር መጠን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ይህ መጠን ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ አድርጓል። ጎረቤታችን ኬንያ የምትገኝበት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ወደ 50 ዝቅ አድርጎታል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ዘመናዊው ሞተር የተገጠመለትን የጭስ ማጣሪያ ያበላሻል፤ ያን ጊዜ ለባለ መኪናው የሚቀርበት አማራጭ ማጣሪያውን አስቆርጦ መጣል ይሆናል። ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ ቅባትነቱ ስለሚቀንስ በነዳጁ የሚለሰልሰውን ፓምፕ ይፈጃል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ አሮጌ መኪና በቂ አየር ስለማያገኝ ያልነደደውን ነዳጅ በጥቁር ጭስነት በእግረኛው ላይ ይተፋዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ የፈረጀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ዋጋው በተለወጠ ቁጥር እስከ ሳንቲሙ ይነገረናል። የድኙ መጠን ግን ማደያው ላይ ተለጥፎ አናነብም።

«ንጹሕ ነዳጅ ውድ ነው፤ ድኻ አገር ነን» የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዚህ መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ የምንጠቀምበት ነዳጅ ሁሉ ከውጭ ተጣርቶ የሚገባ ነው። ስለዚህ በብዙ ገንዘብ የምናድሰው ፋብሪካ የለብንም፤ ጥራቱ የሚወሰነው በግዥ ውሉ ላይ በሚጻፈው መስፈርት ነው። ሁለተኛ፣ የቆሻሻ ነዳጅ ዕዳ አይቀርም፤ በጋራዥና በሆስፒታል በኩል ዞሮ ይከፈላል። ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ሲኖር ማድረግ እንደሚቻል አይተናል። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ በተስማሙት መሠረት እርሳስ ከቤንዚናችን ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ መቀላቀል ተጀምሮ ነበር።

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚሉም አሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መከልከሉ እውነት ነው፤ እኔም በመርሁ አልቃወምም። ሆኖም ክልከላው ቀድሞ የገባውን መኪና ከመንገድ አላወጣውም፤ ጤፉን የሚጭነውንም ከናፍጣ አላላቀቀውም። የነገው ኤሌክትሪክ የዛሬውን ጭስ አያጣራም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የግዥ ውሉ የጥራት መስፈርት ለሕዝብ ይገለጥ። ከዴፖና ከማደያ በየጊዜው የሚወሰደው ናሙና ውጤት ከዋጋው ጎን ይለጠፍ። ባዕድ ነገር ቀላቅሎ የተገኘ ነጋዴም ስሙ ይነገር። ይህ ከድጎማ ክርክር ጋር አይጋጭም፤ ድጎማው ይቅር የሚለውም ይቀጥል የሚለውም ወገን የገዛውን ነገር ማወቅ ይገባዋልና። ሱቅ ገብቶ ዋጋውን ብቻ የሚነገረው፣ ዕቃውን ግን እንዳያይ የሚከለከል ገዢ ገዢ አይባልም፤ ገባሪ ነው።